ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ወጪ

ሐምሌ ላይ የአዲስ አበባው ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር በዝናብና በድንኳን ይሞላል። የምርቃት ወር ነው። ዕድሩ ድንኳኑንና ድስቱን ያወጣል፣ ጎረቤት ወንበር ተሸክሞ ይመጣል፣ የተመራቂዋ ፎቶ ከነጋዎኗ በትልቁ ታትሞ በር ላይ ይሰቀላል። ምሳው ካለቀ በኋላ አባት ለምስጋና ይነሣሉ። ፈጣሪን ያመሰግናሉ፣ ዘመድ አዝማዱን ያመሰግናሉ፤ ከዚያ በየድግሱ የምንሰማው ይከተላል፦ መንግሥትም ይመስገን፣ ልጄን አራት ዓመት አብልቶ አስተኝቶ በነጻ አስተማረልኝ። እልልታው ይቀልጣል። በዚያ መሀል ተነሥቶ «ኧረ በነጻ አይደለም» የሚል እንግዳ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይጠራ ስለማውቅ ክርክሬን ወደዚህ ገጽ አምጥቼዋለሁ።

አባት አልዋሹም። በምዝገባ ቀን ገንዘብ ያዡ ጋ ያሰለፋቸው የለም። ነገር ግን በዚያው ድንኳን ውስጥ አባባሉ የማይጥማቸው ሦስት ሰዎች አይጠፉም። አንደኛዋ ራሷ ተመራቂዋ ናት፤ በየዓመቱ «ኮስት ሼሪንግ» የሚባለውን ውል እየፈረመች ነው የተማረችው። ሁለተኛው አጎቷ ናቸው፤ ከሥራ ሲወጡ ማታ ማታ እየተማሩ፣ ከደመወዛቸው እየከፈሉ ያንኑ ዲግሪ ከእነዚያው መምህራን የወሰዱ። ሦስተኛዋ ጓሮ ወጥ የምታማስለው ናት። ልጇ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ሳሙና በገዛች፣ የሞባይል ካርድ በሞላች ቁጥር ግን ለዩኒቨርሲቲው ታዋጣለች። የሀገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ እነዚህ ሦስቱ አንዳንዴ እየተፈራረቁ፣ አንዳንዴም አንድ ላይ የከፈሉበት ታሪክ ነው። በምስጋናው ላይ ስሟ ተነሥቶ የማያውቀው ሦስተኛዋ ናት።

ያለ ክፍያ መማር ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ ነው። በዋሸራም ሆነ በሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት የኔታ ለትምህርቱ ዋጋ አይጠይቁም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። የየኔታን ማሳ ያርማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ደብሩ የሚተዳደርበት መሬት አለው፤ መሬቱንም የሚያርስ ገበሬ አለ። ቁጭ ብሎ ሒሳቡን የሠራው ባይኖርም፣ ሊቅ ሆኖ የወጣው ሰው ማን አብልቶ እንዳስተማረው አይጠፋውም። ቁራሹን የሰጠችውን ሴት በዓይኑ አይቷታል፤ ውሻዋንም ጭምር። እሷም ብትሆን ያበላችው ተማሪ አንድ ቀን ካህን ሆኖ እንደሚቀድስላትና ሟቿን እንደሚፈታላት ታውቃለች። በሥርዓቱ ላይ ብዙ የሚባል አለ፤ ሴት ልጅን ደጅ ማስቀረቱ አንዱ ነው። ከፋይና ተማሪ ግን ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ መጀመሪያ የጠፋው ይህ መተያየት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ መንግሥት ትምህርት ቤት ለመክፈት ተጣደፈ፤ ካዝናው ግን ባዶ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ገንዘቡን ከገጠር አመጣው። ስሙ የትምህርት ግብር ነው፤ የተጣለውም በገጠር መሬት ላይ ነው። በወረቀት ላይ ከፋዩ ባለመሬቱ ሲሆን፣ አሥራቱ ወደ ጭሰኛው እንደወረደ ሁሉ ይህም ብዙ ቦታ ወደዚያው ትከሻ ወረደ። ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ደግሞ በከተማ ነው። የባሌው ወይም የአርሲው ገበሬ በግብሩ የቆመውን ትምህርት ቤት የሚያየው ገበያ ሲወጣ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ ሲያብለጨልጭ ነው። ልጁ እዚያ ለመግባት ከተማ ላይ ዘመድ ሊኖረው ይገባል። ስለ ነጻ ትምህርት ስንጨቃጨቅ ይህን ግብር የሚያነሣ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ ለእኔ ግን የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው። ሀገሪቱ ትምህርትን በስሙ ጠርታ ግብር ስትሰበስብ የሰበሰበችው ልጁን ልታስተምርለት ካልቻለችው ሰው ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው የጀስዊት ካህን በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ምግብም መኝታም ከኮሌጁ ነበር፤ ለኪስም ጥቂት ብር ይደርሳቸው ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ለረጅም ጊዜ በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል። ኮሌጁን ይጎበኛሉ፣ ለተመራቂው ዲፕሎማውን በእጃቸው ይሰጣሉ። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለቀው ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ ዩኒቨርሲቲውም በስማቸው ተጠራ። እጅ ነሥቶ ዲፕሎማ የሚቀበል ወጣት የሚታየው የሰጪው እጅ ብቻ ነው። ከእጁ በስተጀርባ ግን መሬት ግብር የሚከፍለው ገበሬ ነበረ፤ የውጭ ሀገር ግብር ከፋይም ነበረ። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተቋቋመው በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታና በኦክላሆማ መምህራን ነው፤ የሕንፃ ኮሌጁ ከስዊድን ጋር፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም በአሜሪካ ገንዘብ ተሠራ። የለጋሹ ሀገር ስም በሕንፃው ወይም በታሪኩ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። የጭሰኛው ስም የተጻፈበት ሕንፃ ካለ አላየሁም።

ተማሪዎቹ ግን ማን እንደሚያበላቸው ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጁ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን አቀረበ። ስለ ግጥሙ ርእሱ ብቻ ይበቃል፤ ንጉሡ ያበሏቸዋል ይባሉ የነበሩ ወጣቶች መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ድሃው መናገር መጀመራቸውን ያሳያል። በተከታዩ ዓመት በዚያው መድረክ የተሰሙት ግጥሞች ቤተ መንግሥቱን አስቆጡ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ የአዳሪነት ኑሮ ቀረ። ይህ ክስተት ከታሪክ መጻሕፍት ግርጌ የሚገባ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ስጦታ ተብሎ የተሰጠ ነገር ሰጪው ሲከፋው ይወሰዳል፤ ተቀባዩም ለምን ብሎ የሚሟገትበት ወረቀት የለውም። ትምህርቱን «ነጻ» ማለት ልግስና ያስመስለዋል ስል ይህን ማለቴ ነው። በገበሬው ግብር የተገዛ ዳቦ መሆኑ በግልጽ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ግጥም ስለተነበበ አይታገድም ነበር ብዬ አልማልም፤ አጋጁ ግን የራሱን ሞሰብ እንደሚከድን ሰው ባልተሰማው ነበር።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» እየተባለ ሰልፍ ሲወጣ ነገሩ አንድ ዙር ዞሮ ገጠመ። የትምህርት ግብሩን የተሸከመው ጭሰኛ ጉዳይ አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ተነሣ፤ ያነሡት ግን የራሱ ልጆች ሳይሆኑ እሱ በከፈለው የተማሩ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። የተማሪውን ንቅናቄ በርዕዮተ ዓለሙ ብቻ የሚያነብ ብዙ ነው። እኔ ግን ከውስጡ የዕዳ ስሜት ይሸተኛል። ለዕዳው የተከፈለው ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ፣ ማን ላይ እንደወደቀም ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ይመሰክራል።

በነገራችን ላይ ከዩኒቨርሲቲው ታሪክ ሁሉ ስለ ዕዳ በሐቅ የተነጋገረ አንድ አሠራር ቢኖር የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ማገልገል ነበረበት። አብዛኛው በመምህርነት ተመደበ። ከተማ ያደገ ልጅ ጎሬ ወይም ላሊበላ ወርዶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ በትንሽ አበል እየኖረ ሰባተኛ ክፍል ያስተምራል። መጀመሪያ ላይ ያጉረመረመ ጥቂት አልነበረም። ነገር ግን የሚከፍለው ብር ሳይሆን ትምህርት ነው፤ የሚከፍለውም ለሒሳብ ክፍል ሳይሆን ወጪውን ለሸፈነው ሰው ልጅ ነው። ከፋይና ተማሪ ከቅኔ ቤት በኋላ እንደገና ፊት ለፊት የተያዩት በዚያ ዓመት ነው። ኋላ የመጣው የወጪ መጋራት ደንብ ከዚህ አሠራር የወረሰው ትንሽ ነው፤ መምህር ሆነው የሚመረቁት ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲከፍሉ ፈቅዷል።

ማታ የሚማሩት አጎትስ? የኤክስቴንሽን ተማሪ ከጥንት ጀምሮ ይከፍላል። ይህ ለምን እንዳላስደነቀን አላውቅም። ቀን ላይ አንድ መምህር በአንድ ክፍል አንድ ኮርስ ሲያስተምር ተማሪው በምዝገባ ቀን አይከፍልም። ምሽት ላይ ያው መምህር በዚያው ክፍል ያንኑ ኮርስ ሲደግመው ተማሪው በክሬዲት አወር ተሰልቶ ይከፍላል። የምሽቱ ተማሪ ደመወዝተኛ ነው፤ ደመወዙ ሳይደርሰው የሥራ ግብር ተቆርጦበታል። ስለዚህ ቀን ለሚማረው በግብሩ ከፍሎ፣ ለራሱ ደግሞ በኪሱ ይከፍላል። ልዩነቱ የሚገለጸው በአንድ ነገር ነው፤ የቀኑ በፈተና ውጤት ተመርጦ የገባ፣ የማታው ያልተመረጠ ነው። ለተመረጠው ሕዝብ ይከፍልለታል፣ ያልተመረጠው ለሁለቱም ይከፍላል። አምስት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ማታ ለዓመታት የተመላለሱ ስንት የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ መንገድ ዲግሪ ያዙ! እነሱ ፊት «ነጻ ትምህርት» ማለት ራሱ ትንሽ ድፍረት ነው።

በአብዮቱ ዋዜማ ላይ የወጣው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ሰው ሁሉ «ሴክተር ሪቪው» የሚለው፣ ሚዛኑን ወደ ታችኛው እርከን ለማዞር ሞክሮ ነበር። መሠረታዊ ትምህርት ለብዙኃኑ ይዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ዕድገቱ ይገደብ የሚል ነበረ ፍሬ ነገሩ። በስሌት ስናየው ለዚያ ለትምህርት ግብር ከፋይ ያደላ ነው። ሕዝቡ የሰማው ግን «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል አይለፍ» ተብሎ ነው፤ መምህራኑም በራሳቸው ምክንያት ጭምር ተቃወሙት፤ የካቲት 1966 ዓ.ም. የፈነዳው አድማ አንዱ መነሻ ይኸው ሆነ። ወጪን የሚመለከት ንግግር ሁሉ «ሊከለክሉን ነው» ተብሎ የሚሰማው ከዚያ ጊዜ ወዲህ ይመስለኛል። መሠረት የሌለው ፍርሃት አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ላከ። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሐሳብ ወደ ግዳጅ አድጎ፣ በዚያው ዓመት ከወጣው የመሬት አዋጅ ጋር ተገናኝቶ፣ በመጨረሻም በደም ተጠናቀቀ። ከዚያ በኋላ የመጡት የደርግ ዓመታት ተማሪዎች ምግብና መኝታ አግኝተዋል፣ ሲመረቁም ተመድበዋል፤ የት እንደሚመደቡ ግን አይመርጡም። ክፍያው በብር አልነበረም ለማለት ይቻላል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ድጋፍ ቅድሚያ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፣ ከዚያ በላይ ወጪ መጋራት እየጨመረ ይሄዳል አለ። ለዓመታት ወረቀት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በ1995 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ታኅሣሥ ላይ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጀመረ። ዓመቱ ሳያልቅ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ፣ እሱን ተከትሎም የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። ደንቡ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ያስገድዳል። ሁለቱ 15ቶች በአንድ ሰሞን መገናኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል። አንዱ ከወጥ አማሳይዋ፣ አንዱ ከተመራቂዋ። የመጀመሪያው እዚያው ሱቅ ላይ ይቆረጣል፤ ሁለተኛው እስኪሰበሰብ ዓመታት ይፈጃል።

ሐሳቡ የመጣው ከሩቅ ነው። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1974 የዩኒቨርሲቲ ክፍያን አስቀርታ ነበር፤ በ1989 ግን ለዓመት 1,800 የአውስትራሊያ ዶላር አስከፍላ፣ ተማሪው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል እንዲመልስ አደረገች። ከሐሳቡ ቀያሾች አንዱ የሆነው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ብሩስ ቻፕማን የኢትዮጵያንም ጉዳይ አጥንቶ ጽፏል። የክርክራቸው እምብርት የአስተናጋጇ ግብር ለምን ጠበቃውን ያስተምራል የሚል ነበር። እኛ ዘንድ ከአስተናጋጇ ይልቅ ጭሰኛው ቀድሞ ነበር፤ ክርክሩ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም።

ልዩነቱ አሰባሰቡ ላይ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግብር ሰብሳቢው የማን ገቢ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። እዚህ የሚታወቀው የደመወዝተኛው ብቻ ነው። ውሉን የፈረመ ተመራቂ መርካቶ ገብቶ ቢነግድ፣ ወይም ድንበር ተሻግሮ ሌላ ሀገር ቢሠራ ደንቡ የሚያዘውን ቢያንስ 10 በመቶ ከደመወዙ የሚቆርጥለት ቀጣሪ የለውም። ወረዳ ጽሕፈት ቤት የተቀጠረችው፣ ክሊኒክ ውስጥ በትንሽ ደመወዝ የምትሠራው ግን ከፔይሮል አታመልጥም። ዩኒቨርሲቲው በእጁ ያለው መያዣ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ወጣት «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይኖራል። ኦሪጅናሉን የሚያወጣው ውጭ ሀገር የሚሄድበት ወይም ማስተርስ የሚማርበት ቀን ሲመጣ ነው። ያን ቀን ያለፉትን ዓመታት ዕዳ በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ብሩ በዋጋ ንረት ስለተበላ ብዙ ጊዜ የሚቆጨው ገንዘቡ ሳይሆን ሰልፉ ነው።

የዕዳው መጠንስ ምንን ይለካል? ለብዙ ዓመታት መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የመደበው 15 ብር ነበር። በአሥር ወር 4,500 ብር ነው። በዚያ ብር ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ምሳና ራት ሽሮ ወይም ምስር ሲቀርብ የኖረው ካፌው ተአምር ሠርቶ አይደለም፤ ወጡ ስለቀጠነ ነው። የጎደለውን ቤተሰብ ሞላው። በ2017 ዓ.ም. የቀን በጀቱ ኋላ ላይ ከደረሰበት 22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ሁሉም ተነፈሰ። ግን ምግቡ ሙሉ በሙሉ ዕዳ ነው በሚለው የቀድሞው ስሌት ከተያዘ የአንድ ዓመት የምግብ ዕዳ 4,500 የነበረው 30,000 ይሆናል ማለት ነው። ሚል ካርዱን ይዞ ለሚሰለፍ ተማሪ ይህ ልዩነት ቁልጭ ብሎ አይታየውም፤ ቅጹ ላይ ግን ይመዘገባል።

ከለቡ ወደ መቱ፣ ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ ጋምቤላ የተመደበ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሌላም ወጪ ያውቃል። የአውቶቡስ ትኬት፣ ብርድ ልብስ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በየወሩ በሞባይል የሚላክ የኪስ ገንዘብ፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የአውሮፕላን ትኬት። ይህ ሁሉ በየትኛውም ደንብ አልተጻፈም። «ነጻ ነው» ሲባል ከሁሉ በላይ የሚደነቁት እናቶች ናቸው።

አሁን ወደማይመቸው ክፍል እንግባ። ከለቡ እስከ ጀሞ በጠዋት የሚርመሰመሱትን የግል ትምህርት ቤት ሰርቪሶች የሚያይ ሰው፣ የአካባቢው ወላጅ ከኬጂ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለመክፈል ወደ ኋላ እንደማይል ይረዳል። ልጁ በዚያ ዝግጅት ፈተናውን አልፎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክፍያው ይቆማል። ማለትም መክፈል ሲችል የከፈለ ወላጅ ከፍተኛው ወጪ በሚመጣበት ሰዓት ሕዝብ ይረከብለታል። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ያሉባቸው ወረዳዎች ግብር አላቆሙም፤ ሳሙናና የሞባይል ካርድም መግዛት አላቆሙም። የ1940ው አዋጅ ከተሻረ ቆይቷል፤ ሒሳቡ ግን በዚያው አቅጣጫ መፍሰሱን ቀጥሏል። እኔም የዚህ ሰፈር ነዋሪ ነኝ፤ ይህን ስጽፍ ጎረቤቶቼን ለመውቀስ አይደለም። ማንም ወላጅ ለልጁ የተሻለውን ይፈልጋል። የምቃወመው በዚህ መንገድ የተገኘውን ትምህርት ከሰማይ እንደወረደ አድርጎ መጥራቱን ነው። ለቡን የሚያቋርጠውን አስፋልት «ነጻ መንገድ» የሚለው የለም፤ የመንግሥት መንገድ ነው ይባላል፣ ሲቦረቦርም ገንዘባችን የት ደረሰ ተብሎ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲውን ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በነጻ የተሰጠ ነገር አይመረመርማ!

ሌላውም ዓለም ስያሜው ላይ እንደተወዛገበ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እስከ እ.ኤ.አ. 1976 ክፍያ አያስከፍልም ነበር፤ ከተማዋ በኪሳራ አፋፍ ላይ ስትደርስ አስከፈለ። እንግሊዝ በ1998 ሺህ ፓውንድ ብላ ጀምራ በ2012 ዘጠኝ ሺህ አደረሰችው። ጀርመን ግን ጀምራ ተወችው፤ በ2014 የመጨረሻው ክፍለ ግዛት ክፍያውን አነሣ። የጀርመን ውሳኔ ወጪ የለም ከሚል የመጣ አልነበረም። ወጪው በግብር ይሸፈን፣ የተማረውም ኋላ ከፍ ያለ ግብር ይክፈል የሚል ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት የሚሠራው ግብሩ በእርግጥ ከሀብታሙ የሚሰበሰብ ሲሆንና የድሃው ልጅም ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ነው። ሁለቱ ከሌሉ የጀርመንን ምሳሌ መጥቀስ ጌጥ ብቻ ነው።

ቀደም ብዬ ወዳቆየሁት ፍርሃት ልመለስ። «ነጻ አይደለም በሉ» ስል አንዳንድ ወዳጆቼ ይቆጣሉ። ቃሉን ከለቀቅን በሩም ይለቀቃል፣ ነገ «ነጻ ካልሆነ ክፈሉ» ይሉናል ይላሉ። የሚጠቅሱትም ምሳሌ አላቸው። ካምፓላ የሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከፍለው የሚማሩትን መቀበል ጀመረ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከፋዮቹ ብዙኃኑ ሆኑ፣ ክፍሎቹም ተጨናነቁ። እኛም ሀገር በ2015 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝ አስተዳደር አዋጅ ጸድቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ የክፍያ ጉዳይም አብሮ መጥቷል። ስጋታቸውን እጋራለሁ። የማልጋራው መድኃኒታቸውን ነው። «ነጻ» የሚለው ቃል በ1954ም ሆነ በ1995 ዓ.ም. ማንንም አልጠበቀም። ቃሉ ሳይነካ የምግቡ በጀት በ15 ብር ታስሮ ቆይቷል። ቃሉ ሳይነካ ተማሪው ውል ፈርሟል። ለተማሪው የሚከራከር ሰው «ይህ ልጅ በነጻ ይማር» ከሚል «የዚህ ልጅ ወጪ በሕዝብ ተከፍሏል፣ ደግማችሁ ልታስከፍሉት አትችሉም» ቢል ክርክሩ የሚጠነክር ይመስለኛል። ያው ሰው ለወረዳው ትምህርት ቤትም መከራከር ይችላል፤ ከፋዩ እዚያ ነውና።

ለዚህ አዲስ ሕግ እንኳን የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ቅጽ አለ። በቅጹ ላይ የትምህርቱ 15 በመቶ፣ የምግቡና የመኝታው ዋጋ ተራ በተራ ተሞልቶ ከታች ይደመራል። የቀረው 85 በመቶ ግን የትም አይታይም። ዩኒቨርሲቲው ቁጥሩን ያውቀዋል፤ 15 በመቶውን ያሰላው ከዚያው ጠቅላላ ላይ ነው። ከድምሩ ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ መስመር ይግባ፦ በዚህ ዓመት ለዚህ ተማሪ ከሕዝብ ግብር የተከፈለ፣ ይህን ያህል ብር። ሐምሌ ላይ ለቡ ድንኳን ውስጥ አባት ለምስጋና ከመነሣታቸው በፊት ልጃቸው ያን ወረቀት ብታሳያቸው፣ ጓሮ ወዳለችው ሴት አንድ ቃል መወርወራቸው አይቀርም። እሷም ከሰማች የምትጠይቀው ጥያቄ ይኖራታል፤ የመጀመሪያው የልጇ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ለምን እስከ ሚያዝያ እንዳልመጣ ይሆናል።